ለልጆች ሲጋራ የሚሸጡ ሱቆችን በኤሌክትሮኒክ ዳታ መከታተል፦ ደረጃ በደረጃ

ታብሌቱ ተገዝቷል። ሶፍትዌሩ ተጭኗል። ሠልጣኞቹም ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ወጥተዋል። ከስድስት ወር በኋላ «ለመሆኑ ከሱቆቹ ስንቱ ለልጅ ሲጋራ ይሸጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የለም። ወይም ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ቁጥር ይናገራል።

ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌሩ አይደለም። ወይ የሱቆቹ መዝገብ የተዝረከረከ ነው፣ ወይ ደግሞ በመቶኛው ሲሰላ የሚካፈልበት ቁጥር ተሳስቷል። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚሟሉ ነገሮች

ፈቃድ። ሱቅ ገብቶ መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳትና በታዳጊ የግዢ ሙከራ ማድረግ ሦስቱም የተለያየ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። በጽሑፍ አግኙት። የቃል «ችግር የለም» መስክ ላይ አያድናችሁም።

ስልክ። መካከለኛ አንድሮይድ ይበቃል። ከታብሌት ይልቅ ስልክ እመርጣለሁ፤ እጅ ላይ ሲታይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለእያንዳንዱ ሰው ፓወር ባንክ ያዙ።

ሶፍትዌር። ኮቦቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የሚባሉት የፎርም መሙያ ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባሉ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ። ለካርታው ኪውጂአይኤስ በነፃ ይገኛል። ለሚቀጥለው ዓመት ማስጠገኛ በጀት ከሌላችሁ በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ሲስተም አታሠሩ።

አንድ የዳታ ኃላፊ። ይህ ሰው መስክ አይወጣም። ሥራው በየማታው የመጣውን ዳታ ማየት ነው። እሱን ሳትመድቡ አትጀምሩ።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ለዩ፣ ሕጉን ወደ ፎርም ቀይሩ

«ክትትል» በሚለው ቃል ውስጥ ሦስት ሥራ አለ።

1. ማን፣ የት እንደሚሸጥ ማወቅ። ይህ ምዝገባ ነው።
2. ሱቁ ውስጥ በዓይን የሚታየውን ማየት። ይህ ቅኝት ነው።
3. ልጅ ሲጠይቅ ይሸጥለት እንደሆነ ማረጋገጥ። ይህ የግዢ ሙከራ ነው።

ሦስቱን በአንድ ፎርም አታጭቁ። የየራሳቸው ፎርም ይኑራቸው፤ የሚያገናኛቸው የሱቁ መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ የሀገራችሁን ሕግ አምጡና አንቀጽ በአንቀጽ ወደ ጥያቄ ቀይሩት። መነሻ ከፈለጋችሁ የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 16 ጥሩ ነው። ለልጆች እንደማይሸጥ የሚገልጽ ግልጽ ማስታወቂያ መለጠፉን፣ ሲጋራው ደንበኛ እጁን ዘርግቶ በሚያነሳበት መደርደሪያ ላይ አለመቀመጡን፣ በትምባሆ ቅርጽ የተሠራ ከረሜላና መጫወቻ አለመሸጡን፣ በነፃ አለመታደሉን፣ በፍሬ ወይም በትንንሽ ፓኮ አለመሸጡን ሁሉ ያነሳል። የዕድሜው ወሰን ግን ከሀገር ሀገር ይለያያል። ብዙ ቦታ 18 ነው፣ አንዳንዱ ጋ 21 ነው። በፎርማችሁ ላይ የራሳችሁን ሕግ ዕድሜ አስገቡ።

ጥያቄው ዓይን የሚያየውን ይጠይቅ። «ሱቁ ሕጉን ያከብራል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት የመዝጋቢውን ስሜት ነው። «ደንበኛ ሻጩን ሳይጠይቅ ሲጋራ ማንሳት ይችላል?» ካላችሁ ግን ሁለት ሰው ቢሄድም መልሱ አንድ ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ መዝገቡን ሥሩ

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅባችሁም አትቸኩሉ።

1. ያለውን ዝርዝር ሰብስቡ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር መዝገብ፣ የአከፋፋዮች ዝርዝር፣ የትምባሆ ፈቃድ ካለ እሱም። አንዱም ብቻውን አይበቃም። የፈቃድ መዝገብ ፈቃድ የሌለውን አያውቅም። ለልጅ ቶሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

2. መንገድ ለመንገድ ሂዱ። አካባቢውን በካርታ ከፋፍላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ስጡት። በአንድ መንገድ በግራ ሄዶ በቀኝ ይመለስ። ከሱቅ ሌላ ኪዮስክ፣ መጠጥ ቤት፣ ነዳጅ ማደያና መንገድ ላይ በሳጥን ይዞ የሚሸጥም ይመዝገብ። ለተንቀሳቃሽ ሻጭ «ቋሚ ቦታ የለውም» የሚል ምልክት አድርጉ፤ በሚቀጥለው ዙር ቦታው ላይ ባታገኙት «ተዘጋ» እንዳትሉት።

3. መለያ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩ አይቀየርም፣ ሱቁ ቢዘጋም ለሌላ አይሰጥም። ከፊቱ ፊደል ይኑረው። 0042 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኤክሴል ዜሮዎቹን በልቶ 42 ያደርገዋል። ከዚያ ሁለቱን ፋይል ስታገናኙ ግማሹ ሱቅ ይጠፋል፤ ለምን እንደጠፋም ቶሎ አይገባችሁም።

4. ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ። ደጃፉ ላይ ቁሙ፣ ውስጥ አትግቡ። ቆርቆሮና ኮንክሪት ምልክቱን ያዛባዋል። ስልኩ ላይ የሚታየው ስህተት ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ። ፎርሙ ከዚያ በላይ የሆነውን አልቀበልም እንዲል ማድረግ ይቻላል። ነጥቡን ስታስቀምጡ ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ያዙ። አራት አሃዝ ወደ 11 ሜትር ያህል ያደበዝዛል፤ ተጠጋግተው የተሠሩ ሱቆች ይደራረባሉ።

5. ድግግሞሹን አጽዱ። ስም በአማርኛ የምትመዘግቡ ከሆነ ይህ አስቸጋሪ ነው። አንድ ሰው «ፀሐይ ሱቅ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ ሱቅ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ ሱቅ»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሱቅ ነው። መፍትሔው ለማመሳከሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃን ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን፣ ኣንና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ሌሎቹንም የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የፀና የዐ ቤተሰብ ፊደሎች እንደዚሁ አድርጉ። ዋናውን ስም አትንኩት። ከዚያ በ20 ሜትር ውስጥ ያሉና ስማቸው የሚመሳሰል ሱቆችን አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩ።

### ሲበላሽ

ነጥቦቹ ባሕር ውስጥ ወደቁ። ኬንትሮስና ኬክሮስ ተቀያይረዋል። ዓምዶቹን ለዋውጧቸው። ሁሉም ከምዕራብ አፍሪካ በታች አትላንቲክ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ከተከመሩ ደግሞ ቦታው ባዶ ነበር ማለት ነው፤ ሲስተሙ ዜሮ በዜሮ ብሎ ሞልቶታል።

አማርኛው ወደ ምልክት ተቀየረ። ከሰርቨሩ ያወረዳችሁትን የዳታ ፋይል (ሲኤስቪ) ሁለቴ ነክታችሁ በኤክሴል ከፍታችሁታል። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና ዳታ ከማስገቢያው ሜኑ ፋይሉን ስትጠሩ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። ሴቭ ካደረጋችሁት ግን ፊደሉ አይመለስም፤ ከሰርቨሩ እንደገና አውርዱ።

## ደረጃ 3፦ ፎርሙን ሥሩ

1. የሱቆቹን መዝገብ ፎርሙ ውስጥ ጫኑ። ሠራተኛው መለያ ቁጥሩን ሲመርጥ የሱቁ ስምና አድራሻ በራሱ ይምጣ። በእጅ ቁጥር እንዲጽፍ አትተዉ።
2. ሰዓትና ቀን ከስልኩ በራሱ ይወሰድ፤ ፎርሙ ሲከፈትና ሲያልቅ። ከመውጣታችሁ በፊት የሁሉም ስልክ ሰዓት አውቶማቲክ ላይ መሆኑን እዩ።
3. የመጀመሪያው ጥያቄ የጉብኝቱ ሁኔታ ይሁን፦ ክፍት ነው፣ ለጊዜው ተዘግቷል፣ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ትምባሆ መሸጥ አቁሟል፣ ሱቁ አልተገኘም፣ ለደኅንነት ሲባል አልተገባም። ክፍት ካልሆነ ቀሪው ጥያቄ ይዘለል።
4. የዓምድ ስሞችን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት አድርጉ። የሚታየው ጥያቄ በአማርኛ ይሁን።
5. በምርጫ ሊመለስ የሚችል ነገር በጽሑፍ አይመለስ። ጽሑፍ የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ ባለችው «ማስታወሻ» ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ለእያንዳንዱ የቅኝት ጥያቄ «አዎ»፣ «አይደለም» እና «ማየት አልቻልኩም» የሚል ምርጫ ይኑር። ሦስተኛው ከሌለ ሠራተኛው ሕዝብ በሞላበት ሱቅ ማስታወቂያውን ሳያገኘው ሲቀር «የለም» ይላል። ሱቁ በማያውቀው ጥፋት ይከሰሳል። ሦስተኛው ምርጫ ሲበዛም ራሱ መረጃ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን ካዘወተረ ቸኩሏል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መስክ ከተወጣ በኋላ የጥያቄ ስም ወይም የምርጫ ኮድ አትቀይሩ፣ አታጥፉ። መጨመር ይቻላል። ከጨመራችሁ ደግሞ ሁሉም ስልክ አዲሱን ፎርም ማውረዱን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ስልክ እንኳ አሮጌው ላይ ከቀረ አዲሱ ጥያቄ በዚያ ሠራተኛ ሱቆች ሁሉ ባዶ ይሆናል።

## ደረጃ 4፦ ሙከራ

በኋላ ከምታወጡት ናሙና (ደረጃ 5) ውጪ በሚሆኑ አሥር ሱቆች ላይ ሞክሩት። ሁለት ሠራተኛ አንድን ሱቅ ለየብቻ ይመዝግብ። መልሳቸው የተለያየባቸውን ጥያቄዎች አውጡና ጥያቄውን አስተካክሉ፤ ሰዎቹን አትቆጡ። ስልኩን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ሙሉ ቀን ሥሩበት፣ ማታ ላኩ። የተላከው ከተመዘገበው ጋር እኩል ከሆነ ዝግጁ ናችሁ።

## ደረጃ 5፦ ናሙናውን አውጡ

ሱቆቹ ጥቂት ከሆኑ ሁሉንም ጎብኙ፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ብዙ ከሆኑ ስሌት አለ።

መዝገባችሁ ላይ 600 ሱቅ አለ እንበል። የሚሸጠው ወደ 20 በመቶ ይሆናል ብላችሁ ገምታችኋል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ በ5 የመቶኛ ነጥብ የስህተት ወሰን፦

- 1.96 × 1.96 × 0.2 × 0.8 ÷ (0.05 × 0.05) = 246 ገደማ
- ሱቆቹ 600 ብቻ ስለሆኑ፦ 246 ÷ (1 + 245 ÷ 600) = 175
- 15 በመቶው ተዘግቶ ወይም መሸጥ አቁሞ ቢገኝ፦ 175 ÷ 0.85 = 206

206 ሱቅ ታወጣላችሁ። ግምት ከሌላችሁ በ20 በመቶ ፈንታ 50 በመቶ አስገቡ፤ በተመሳሳይ መንገድ ስታሰሉት 277 ይመጣል።

አወጣጡ፦ በኤክሴል ራንድ በሚባለው ፎርሙላ ለእያንዳንዱ ሱቅ የዘፈቀደ ቁጥር ስጡ። ወዲያው ኮፒ አድርጋችሁ ቁጥሩን ብቻ ለጥፉ። ይህን ካልዘነጋችሁ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ፎርሙላው ሉሁ በተነካ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ዛሬ ያወጣችሁት ናሙና ነገ ሌላ ይሆናል። ከዚያ በቁጥሩ ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን 206 ውሰዱ። ፋይሉን ቀን ጽፋችሁ ቆልፉት።

ሱቁ ተዘግቶ ቢገኝስ? አጠገቡ ባለው አትተኩት። ሠራተኛው የሚቀናውን ሱቅ መምረጥ ከጀመረ ናሙናው አለቀለት። ሁኔታውን መዝግቡና እለፉ። ለጊዜው ከተዘጋ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተመለሱ። 15 በመቶው የተጨመረው ለዚሁ ነው።

ዝርዝሩን ለሠራተኞች በየጠዋቱ የዚያን ቀኑን ብቻ ስጡ። ሙሉው ዝርዝር ሰኞ ከተሰጠ ማክሰኞ ሱቆቹ ጋ ይደርሳል።

## ደረጃ 6፦ የግዢ ሙከራ

እዚህ ላይ ከዳታ በፊት ልጁ ይቀድማል።

ፈቃድ ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ልጅ ልኮ ሲጋራ ማስገዛት በራሱ ወንጀል የሚሆንበት ቦታ አለ። ቅኝቱን ብቻ ሥሩ፤ ከተማሪዎች ጥናት ጋር አስተያዩት። የዓለም አቀፉ የወጣቶች የትምባሆ ቅኝት ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ሲጋራ ከየት እንዳገኙና ሻጭ በዕድሜያቸው ከልክሏቸው እንደሆነ ይጠይቃል።

ፈቃድ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

1. ልጁን ምረጡ። ከሕጉ ዕድሜ በግልጽ በታች የሆነ፤ ወሰኑ 18 ከሆነ 15 ወይም 16 ይመረጣል። የወላጅ የጽሑፍ ስምምነትና የልጁ የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሚያጨሱ ልጆች አትምረጡ። በራሱ ሰፈር አታሰማሩት።
2. አታስመስሉት። ልብሱም፣ አነጋገሩም የዕድሜው ይሁን። ዕድሜውን ከጠየቁት እውነቱን ይናገር። «አባቴ ልኮኝ ነው» አይበል። ውሸት የተጨመረበት ሙከራ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ዳታውም አይታመንም።
3. ስሙ ፎርም ላይ አይግባ። ኮድ ስጡት። ከኮዱ ጋር ዕድሜና ጾታ ብቻ ይመዝገብ። ፎቶው የትም አይኑር።
4. አዋቂው ይቅደም። ተቆጣጣሪው ልጁ ከመግባቱ በፊት ሱቁን አይቶ ክፍት መሆኑን፣ ሲጋራ መኖሩንና ቦታው አስጊ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ ልጁ በዓይን በሚታይበት ርቀት ይቁም። ልጅ መግባት የማይፈቀድለት ቦታ ከሆነ ሙከራው አይደረግም።
5. ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ይጠቀም፦ «ሲጋራ አለ?»፤ «አለ» ካሉት አንድ ፓኮ ይጠይቅ። ከከለከሉት አመስግኖ ይውጣ። አይለምን፣ አይከራከር።
6. እቃው ወዲያው ለአዋቂው ይሰጥ። የሱቁ መለያ ቁጥርና ሰዓት በተጻፈበት ፖስታ ይታሸግ።
7. ፎርሙ ወዲያው ይሞላ። ከሱቁ ከራቃችሁ በኋላ፣ ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት። ልጁ ይናገር፣ አዋቂው ይሙላ፦ ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም? ዕድሜ ተጠየቀ? መታወቂያ ተጠየቀ? ሻጩ ወጣት ነው ወይስ አዋቂ?

ሰባተኛውን የማያከብር ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቡድን ከሰዓት በኋላ የጎበኘውን ሁሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማታ ሞላ። አሥራ አራት ፎርም፣ አሥራ አራቱም አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ላይ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያለቀ። የትኛው ሱቅ መታወቂያ እንደጠየቀ ልጁ ተምታቶበት ነበር። አሥራ አራቱንም ጣልናቸው። ለልጁ ድካም ነው ያዘንኩት።

ወሬ ከቀደማችሁ። ሻጮች ይደዋወላሉ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱ፤ ሌላ መንገድ ለሌላ ቀን። ሦስት ሱቅ በተከታታይ መታወቂያ ከጠየቀና ሻጮቹ በር በር ማየት ከጀመሩ ሥራውን አቁሙ። «ታውቋል» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ በሌላ ሳምንት፣ በሌላ ልጅ ተመለሱ።

ልጁ ከፈራ ወይም «ደከመኝ» ካለ ቀኑ አልቋል። ምክንያት አትጠይቁ።

ሌላም ልብ በሉ። ሻጩ የእናንተን ልጅ አያውቀውም። የሰፈሩን ልጅ ግን ያውቀዋል፤ ለሚያውቀው ደግሞ በቀላሉ ይሸጣል። ስለዚህ በሙከራ ያገኛችሁት ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ሪፖርት ስትጽፉ ይህን በግልጽ ተናገሩ።

## ደረጃ 7፦ በየማታው አጣሩ

የዳታ ኃላፊው እነዚህን በየማታው ያያል፦

- የታቀደው ስንት ነበር፣ ስንት ደረሰ? ጎዶሎ ካለ ሠራተኛው ስልኩን ሳያጠፋ ይደወልለት።
- ሁለት ጊዜ የመጣ መለያ ቁጥር አለ?
- የጉብኝቱ ነጥብ ከመዝገቡ ነጥብ ከ50 ሜትር በላይ ይርቃል?
- ከተለመደው በጣም ባጠረ ጊዜ የተሞላ ፎርም አለ?
- የአንድ ሠራተኛ ሱቆች በሙሉ «አልተሸጠም» ናቸው?

አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ መልሱን ራሳችሁ አታስተካክሉ። ጥሬው ዳታ እንዳለ ይቀመጥ። እርማቱ በሌላ ዓምድ ይግባ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው ይጻፍበት። ሱቁ ክስ ቢቀርብበት ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከቅኝቶቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑትን በሌላ ሰው አስደግሙ። ሠራተኞች ይህ እንደሚደረግ ይወቁ፤ የትኛው ሱቅ እንደሆነ ግን አይወቁ።

ስልክ ቢጠፋ፦ ወዲያው የዚያን ሠራተኛ መግቢያ ከሰርቨሩ ዝጉ። ስልኮቹ አስቀድሞ በይለፍ ቃል የተቆለፉ፣ የተላከ ፎርምም ከስልኩ ላይ እንዲጠፋ የተደረጉ ይሁኑ። ያልተላከው ቀርቷል፤ ሱቆቹን እንደገና ጎብኙ እንጂ ከትውስታ አትሙሉ።

## ደረጃ 8፦ ቁጥሩን አውጡ

ከ206 ሱቆች 22ቱ ተዘግተው ወይም መሸጥ አቁመው ተገኙ። በ9ኙ ሙከራው ሳይጠናቀቅ ቀረ። 175 ተጠናቀቀ። ከእነዚህ 49ኙ ሸጡ።

ትክክለኛው፦ 49 ÷ 175 = 28 በመቶ።

ብዙ ሰው 49ን ለ206 ያካፍላል። 24 በመቶ ይመጣለታል። ከዚያ «ቀንሷል!» ተብሎ ይጨበጨባል። የተዘጋ ሱቅ ለልጅ መሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ ከታች አይቆጠርም። የሚካፈለው በተጠናቀቁ ሙከራዎች ብቻ ነው። ዳሽቦርዱን፣ ማለትም ውጤቱን በአንድ ገጽ የሚያሳየውን ሰሌዳ፣ የሚሠራላችሁ ባለሙያ ይህን አያውቅም፤ በጽሑፍ ስጡት።

28 በመቶም ብቻውን አይነገር። በዚህ ናሙና የእውነቱ ቁጥር ከ22 እስከ 34 በመቶ ገደማ መካከል ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዙር 25 ቢመጣ ልዩነቱ የዕድል ሊሆን ስለሚችል «ቀነሰ» አትበሉ። አሜሪካ ውስጥ ሲናር በሚባለው ደንብ መሠረት ክፍለ ሀገራቱ በየዓመቱ በዘፈቀደ ሙከራ አድርገው ጥፋቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቅባቸዋል። እንዲህ ያለ ወሰን ካላችሁ ቁጥሩን ከነስህተት ወሰኑ አስተያዩት።

የልጆቹንም ሁኔታ እዩ። አምና የ15 ዓመት ልጆች፣ ዘንድሮ የ17 ዓመት ልጆች ከተሰማሩ የምታወዳድሩት ሱቆቹን ሳይሆን ልጆቹን ነው።

### ካርታው

ትምህርት ቤት አካባቢ ስንት መሸጫ እንዳለ ለማየት በኪውጂአይኤስ በትምህርት ቤቶቹ ዙሪያ ክብ ትሠራላችሁ። እዚህ የታወቀ ወጥመድ አለ። ነጥቦቹ የሚመጡት በዲግሪ ነው። 100 ሜትር ለማለት 100 ብትጽፉ ሶፍትዌሩ 100 ዲግሪ ብሎ ካርታውን በሙሉ ይሸፍነዋል። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ዳታውን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ለምሳሌ ወደ አካባቢያችሁ ዩቲኤም ዞን ቀይሩ። ከዚያ ክቡን ሥሩ።

ርቀቱ ከየት እንደሚለካ ሕጉን አንብቡ፤ ከበር ወይስ ከአጥር? ሰፊ ግቢ ባለው ትምህርት ቤት ልዩነቱ ብዙ ነው።

## ደረጃ 9፦ ወደ እርምጃ

እያንዳንዱ «ተሸጠ» የሚል መዝገብ ባለቤትና ቀን ይኑረው፦ ማን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ እስከ መቼ፣ ዳግም ጉብኝቱ መቼ ነው? ይህን ለመያዝ ሁኔታውን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ይበቃል፦ አልተጀመረም፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፣ ዳግም ተጎበኘ፣ ጉዳዩ ተዘጋ፣ ለሕግ ተላለፈ። ያልሸጡትንም አትርሱ። «ተፈትናችኋል፣ አልሸጣችሁም» የሚል አጭር ደብዳቤ ላኩላቸው፤ ግን ዙሩ ካለቀ በኋላ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥፋት ያገኛችሁባቸው ሱቆች ዳግም ጉብኝት ከናሙናው ጋር አይደባለቅ። ሁለቱን በተለያየ ምልክት ያዙ። ከተደባለቁ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም በጥፋተኞች ተሞልቷል።

መዝገቡን በየዙሩ መጀመሪያ አድሱ። አዲስ የተከፈተ ይጨመር፣ የተዘጋው «ተዘግቷል» ይባል። አይጥፋ፤ የተዘጋበት ቀን ይጻፍበት። በኢንተርኔትና በስልክ ትእዛዝ ቤት ድረስ የሚያደርሱ ሻጮች ካሉ የራሳቸው ዝርዝር ይኑራቸው፤ በመንገድ ቆጠራ አይገኙም።

አንድ ቀን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ዜሮ በመቶ ታያላችሁ። ከመደሰታችሁ በፊት አራት ነገር እዩ። ዝርዝሩ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር? ልጆቹ ትልልቅ ሆነው ወይስ ትንንሽ ሆነው ተመረጡ? የጉብኝት ሰዓቱ ልጆች ከሚገዙበት ሰዓት ጋር ይገጥማል? ተቆጣጣሪዎቹ ካለፈው ዙር አልተቀየሩም? አራቱም ንጹሕ ከሆኑ አሥር ሱቅ መርጣችሁ፣ ማንም በማያውቀው ቡድን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሞክሩ።